«ፋይሉን የያዘው ሰው የለም»፦ የቢሮ ሥራ ወደ ኦንላይን ሲገባ

ለባለጉዳይ ከሚነገሩ መልሶች ሁሉ አድካሚው «ፋይሉን የያዘው ሰው የለም» የሚለው ነው። የሚያናድደው ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። ፋይሉ በትክክል የአንድ ሰው ነው፤ በእሱ መሳቢያ፣ በእሱ ኮምፒውተር፣ በእሱ ፍላሽ፣ ሲብስም በእሱ ስልክ ቴሌግራም ውስጥ አለ። ሰውየው ስልጠና ሲሄድ ጉዳዩም አብሮት ስልጠና ይሄዳል።

የአካባቢ አስተዳደር ቢሮ «ወደ ኦንላይን ገባን» ሲል ብዙ ጊዜ የተደረገው ያንኑ መሳቢያ ኢንተርኔት ላይ መክፈት ነው። አንዱ በግል ጂሜይሉ ሰነድ ይከፍታል፣ ሌላው በዋትስአፕ ይልካል፣ ሦስተኛው አውርዶና አስተካክሎ «የመጨረሻ» ብሎ ያስቀምጣል፣ አራተኛው ያንን ተቀብሎ «የመጨረሻ የመጨረሻ» ይለዋል። ስለዚህ ከጎግል፣ ከማይክሮሶፍትና በራስ ሰርቨር ላይ ከሚጫነው ኔክስትክላውድ አንዱን ከመምረጥ በፊት አንድ መለኪያ መያዝ ይበጃል፦ ይህ ሰው ነገ ባይመጣ ሥራው ይቀጥላል ወይ?

ሰነዱ የማን ነው?

በጎግል «ማይ ድራይቭ» ውስጥ የተፈጠረ ፋይል ባለቤቱ አካውንቱ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ አካውንቱ ከተሰረዘ፣ ፋይሎቹ ለሌላ ሰው ካልተላለፉ በስተቀር አብረው ይጠፋሉ። የሲስተም አስተዳዳሪው የተሰረዘን አካውንት መመለስ የሚችለው በ20 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። በማይክሮሶፍት በኩል የለቀቀ ሠራተኛ ዋንድራይቭ (የግል የኦንላይን ማስቀመጫው)፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ለ30 ቀን ይቆያል። ማንም የቢሮ ሰው ይህን ቀነ ገደብ በቃሉ አይዝም። የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ ሰነዱን ሲጠይቅ ነው።

መፍትሔው የጋራ ድራይቭ ነው፤ በማይክሮሶፍት የሼርፖይንት ላይብረሪ፣ በኔክስትክላውድ የቡድን ፎልደር ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። እዚያ የገባ ፋይል የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰው ቢመጣም ቢሄድም አይነቃነቅም። በነፃ በሚከፈት የግል ጂሜይል የጋራ ድራይቭ መፍጠር ስለማይቻል «በነፃው እንጀምርና ኋላ እንገዛለን» የሚለው ዕቅድ ገና ከመነሻው ያነክሳል፤ በግል አካውንት የተከማቸን ፋይል ኋላ ወደ መሥሪያ ቤት ማዛወር ከባዶ ከመጀመር በላይ ያደክማል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ የደብዳቤ ቁጥር ወይም የጉዳይ ቁጥር ያለው ማንኛውም ነገር በግል ቦታ አይቀመጥም።

የፎልደሩ አወቃቀር በሥራ ዓይነት፣ በዓመት፣ ከዚያ በጉዳይ ቁጥር ይሁን። ከዚህ በላይ ጥልቀት ሰው ያስታል። «የእገሌ ፎልደር» የሚል ስም ከታየ መሳቢያው ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለቡድን ይሰጥ። «የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች» የሚል ቡድን ተፈጥሮ ለእሱ ፈቃድ ከተሰጠ፣ የተዛወረውን ሠራተኛ ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ይበቃል፤ መቶ ፎልደር እየከፈቱ ስም መልቀም የለም። ከላይ የተሰጠ ፈቃድ ወደ ታች እንደሚወርድም አይዘንጋ። የሠራተኞች የግል ማህደርና የቅሬታ ሰነዶች በሌላ ፎልደር ጉያ ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ የራሳቸው የተለየ ድራይቭ ይኑራቸው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለውን አማራጭ አስተዳዳሪው ከላይ ይዝጋው። ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላው «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ሲደርሰውና ስልክ ሲደውል፣ በችኮላ የሚጫነው ቁልፍ እሱ ስለሆነ ነው።

የጸሐፊዋን ፓስወርድ አራት ሰው የሚያውቅበት ቢሮም ብዙ ነው። ደብዳቤው ወጥቶ ጥያቄ ሲነሳ የሰነዱ የለውጥ ታሪክ የሚያሳየው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ የምትጠየቀውም እሷ ናት። የጋራ ኢሜይል ካስፈለገ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የሚያየው የጋራ ሳጥን መክፈት ይቻላል። ሁለተኛውን የመግቢያ ማረጋገጫ በአጭር የስልክ መልእክት ከማድረግ በስልክ መተግበሪያ ማድረግ ይሻላል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው ኮድ ኔትወርክ አይፈልግም። የመጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው በታሸገ ፖስታ ካዝና ይግቡ። ስልክ መጥፋቱ አይቀርም።

ረቂቅ ደብዳቤ ከባለሙያ እስከ ማህተም

የትብብር መሣሪያ ዋና ጥቅሙ እዚህ ይታያል፤ ዋናው ስህተትም እዚሁ ይሠራል። ባለሙያው ረቂቁን በጋራ ድራይቭ ይጽፋል፣ ለቡድን መሪው ሊንኩን ይልካል። ሊንኩን ነው፤ ፋይሉን በኢሜይል አባሪ ካደረገው በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰነድ ተፈጠረ። ቡድን መሪው በቀጥታ አያርምም፤ «ሐሳብ ማቅረቢያ» በሚባለው አሠራር ያርማል፤ ባለሙያው እያየ ይቀበላል ወይም ምክንያቱን ይጽፋል። ቀጥታ የማረም ፈቃድ ለሁሉም ሲሰጥ አንድ አንቀጽ ሳይታወቅ ይጠፋል። ማን እንዳጠፋው ከታሪኩ ቢገኝም፣ ፍለጋው ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ኃላፊው ሲስማሙ ሰነዱ ስም ባለው ሥሪት ይቀመጥ፤ ለምሳሌ «ለፊርማ የቀረበ»። ወደ ጎግል ድራይቭ የተጫነ የዎርድ ፋይል የቆዩ ሥሪቶቹ ከ30 ቀን በኋላ ወይም ከ100 ሥሪት በላይ ሲሆኑ ሊሰረዙ ይችላሉ፤ እንዲቆይ የሚፈለገው ሥሪት «ለዘላለም ይቀመጥ» ተብሎ ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጣል፣ ቁጥር ያገኛል፣ ይፈረማል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከተፈረመ በኋላ «አንዲት ቃል ብቻ» ብሎ ወደ ረቂቁ መመለስ ፊርማውን ከጽሑፉ ያፋታዋል።

ስለ ፊርማ ካነሳን፦ የፊርማ ፎቶ ሰነድ ላይ መለጠፍ ዲጂታል ፊርማ አይደለም። ፎቶውን ማንም ቆርጦ ሌላ ደብዳቤ ላይ ይለጥፈዋል። እውነተኛው ዲጂታል ፊርማ ከሰነዱ ይዘት ጋር በስሌት የታሰረ ስለሆነ አንድ ፊደል ቢለወጥ ማረጋገጫው ይከሽፋል። ቢሮው እሱ ከሌለው በወረቀት ፈርሞና ማህተም አድርጎ ስካን ማድረግ ከለጠፋው ይሻላል።

የፋይል ስም ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ግን በየቀኑ ያጋጫል። የደብዳቤ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሕዝባር ይከፋፈላል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሕዝባርን፣ ሁለት ነጥብን፣ ጥያቄ ምልክትንና ኮከብን አይቀበልም። ስለዚህ በፋይል ስም ላይ ሕዝባሩ በሰረዝ እንደሚተካ አስቀድሞ ይወሰን፤ ካልሆነ አንዱ በሰረዝ፣ አንዱ በክፍት ቦታ ይጽፈውና ፍለጋው ይከሽፋል። ቀን ዓመት አስቀድሞ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን ከተጻፈ (2025-03-14) ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ረጃጅም ፎልደሮች ውስጥ ረጅም ስም ማስገባትም ችግር አለው፤ ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ከነመንገዱ ከ260 ፊደል ያለፈን ፋይል መክፈት ያቅታቸዋል፤ ሼርፖይንት ደግሞ 400 ላይ ያቆማል።

የጉዳዮች መዝገብ፦ አንድ ጉዳይ፣ አንድ መስመር

ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበትና ከሁሉ በላይ የሚክሰው የገቢ ጉዳዮች መዝገብ ነው። ውድ ሲስተም አያስፈልገውም፤ ለአነስተኛ ቢሮ የጋራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ፦ የጉዳይ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የባለጉዳዩ ስም፣ ስልክ፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ የተመራለት ሰው፣ ሁኔታ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ የተዘጋበት ቀን፣ ወደ ፎልደሩ የሚወስድ ሊንክ። አሥር ናቸው። አሥራ አምስተኛውን ሰው አይሞላውም፤ ያልተሞላ ዓምድ ደግሞ ሌሎቹንም ያስንቃል።

«ሁኔታ» እና «የጉዳዩ ዓይነት» በእጅ አይጻፉ፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጡ። ለሁኔታ አምስት ምርጫ ይበቃል፦ ገብቷል፣ ተመርቷል፣ ከባለጉዳይ ሰነድ ይጠበቃል፣ ለፊርማ ቀርቧል፣ ተዘግቷል። ሦስተኛው ምርጫ ከሌለ ባለጉዳዩ ያዘገየውና ቢሮው ያዘገየው አንድ ላይ ይቆጠራሉ፤ ሠራተኛውም መዝገቡን እንደ ከሳሽ ያየዋል።

የሠንጠረዡን ሳጥኖች (ሴሎች) ማጣመር ክልክል ይሁን። የተጣመረ ሳጥን ለዓይን ያምራል፤ ማጣሪያውንና ድርደራውን ግን ይሰብራል። ከዚያ የከፋው አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ መደርደር ነው፦ ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስልክ ቁጥሮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ መዝገቡ በአንድ ጠቅታ የሌላ ሰው መዝገብ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ራስጌውና የቁጥሩ ዓምድ ይቆለፉ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ «የእኔን ጉዳዮች» ለማየት የራሱን የማጣሪያ እይታ ያስቀምጥ። የጋራውን ማጣሪያ አንዱ ሲያበራው የሌላው ግማሽ መዝገብ ይሰወርበታል፤ «ዳታው ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣው አቤቱታ ብዙው ይኸው ነው።

ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ሠንጠረዡ እንደ ቁጥር ከተቀበለው መነሻውን ዜሮ ይበላዋል። ዓምዱ መጀመሪያውኑ «ጽሑፍ» ተብሎ ይሰየም። የመታወቂያ ቁጥር ሲረዝም ጉዳቱ ይብሳል፤ ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የ16 አሃዝ ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዋናው ቁጥርም ከሠንጠረዡ ተመልሶ አይገኝም። በሁለት የዘመን አቆጣጠር የሚሠራ ቢሮም ይጠንቀቅ፦ ሠንጠረዡ ቀን የሚያሰላው በጎርጎርዮሳውያኑ ነው። ጥቅምት 30 በወር ቁጥር (30/2) ቢጻፍለት እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቅ ዝም ብሎ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ የቀነ ገደብ ስሌቱም በዚያ መስመር ላይ ይሞታል። ስሌቱ በአንድ አቆጣጠር ይሁን፤ ሌላው ለማሳያ ብቻ እንደ ጽሑፍ በጎን ይቀመጥ።

ቁጥር አሰጣጥ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ደቂቃ 412ን ሊሰጥ ይችላል። ከሁለት አንዱን ይምረጡ፦ ወይ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ብቻ ይሁን፣ ወይ ጉዳዩ በፎርም ይግባና ቁጥሩ በገባበት ተራ ይወጣ። ያም ሆኖ ተደጋጋሚ ቁጥርን በቀይ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ በዓምዱ ላይ ይጨመር፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የኦንላይን ፎርም ለባለጉዳይ ሲከፈት የሚያዋርድ ስህተት አንድ አለ። የፎርሙ መልሶች የሚገቡበትን ገጽ በፎርሙላ ወደ ሌላ ገጽ ይጎትቱትና ጎኑ ላይ በእጅ «ተፈቅዷል»፣ «ተከልክሏል» ይጽፋሉ። የተጎተተው ዝርዝር ቅደም ተከተሉ በተለወጠ ቀን የእጅ ጽሑፉ ባለበት ይቀራል፤ የተፈቀደለት ይከለከላል፣ የተከለከለው ይፈቀድለታል። ጥሬውን የመልስ ገጽ ማንም አይንካው፤ ወደ መዝገቡ የሚገባው ግን ተቀድቶ እንደ ጽሑፍ ይለጠፍ። ሌላም አለ፦ በጎግል ፎርም ፋይል አያይዞ ለመላክ ባለጉዳዩ የጎግል አካውንት ሊኖረውና ሊገባበት ይገባል። አካውንት የሌለው ሰው እዚያ ጋ ይቆማል፤ ለእሱ መስኮቱ ላይ ስካን የሚያደርግለት ሰው ያስፈልጋል።

ፊደሉና ፍለጋው

«ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ገ/ሚካኤል»፣ «ገብረ ሚካኤል» እና «ገብረሚካኤል» ሦስት ሰው ይሆናሉ። ቢሮው የሰው ስም አጻጻፍ ላይ አዋጅ ሊያወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ባለጉዳይ በስሙ ሳይሆን በጉዳይ ቁጥሩ ወይም በስልኩ ይፈለግ። የቢሮው የራሱ ቃላት ግን አንድ አጻጻፍ ይኑራቸው፤ ከዝርዝር የሚመረጡ ከሆኑ ደግሞ ጭቅጭቁ በራሱ ይቆማል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ፤ ኦንላይን ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆነው ይታያሉ። ከመጫናቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ፤ መለወጥ ካልተቻለ አሮጌው ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ወደ ፒዲኤፍ ይቀየሩ። በፒዲኤፍ ይነበባሉ እንጂ በቃል አይፈለጉም።

ስካን ላይ አልቆይም። በኢንች 300 ነጥብ ይበቃል። አንድ የኤ4 ገጽ በዚህ ጥራት 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በሙሉ ቀለም ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ማህተም ወይም ካርታ ከሌለው በቀር ጥቁርና ነጭ አድርጎ ወደ ፒዲኤፍ ማመቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ፒዲኤፍ/ኤ በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ። ከስካን ላይ ጽሑፍ የሚያወጣው ነፃ ፕሮግራም ቴሰራክት አማርኛ ያነባል፤ የታይፕ ጽሑፍን ደህና ያወጣል፤ የእጅ ጽሑፍ ላይ ተስፋ አይጣልበት። አሮጌውን መዝገብ ቤት በሙሉ ስካን እናድርግ የሚለው ዕቅድ ግን ገንዘብና ጉልበት የሚበላ ወጥመድ ነው። አሮጌ ማህደር ጉዳዩ ሲነሳ ብቻ ስካን ይደረግ፤ የሚፈለገው ፋይል በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ቴሌግራም፣ ስብሰባና ውጭ የሚላክ ሰነድ

የቴሌግራም ቡድንን መከልከል አይቻልም፤ ቢከለከልም በሌላ ስም ይከፈታል። ድርሻውን መወሰን ግን ይቻላል፦ «ሰነዱ ተዘጋጅቷል፣ ሊንኩ ይኸው» ለማለት ይሁን። በቡድኑ ውስጥ የተሰጠ ውሳኔ መዝገቡ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ውሳኔ አይደለም። የባለጉዳይ መታወቂያ ፎቶ ደግሞ በሠራተኛ የግል ስልክ ማዕከለ ሥዕል ውስጥ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር መደርደር የለበትም።

ቃለ ጉባኤ በስብሰባው ላይ፣ ሁሉም በሚያዩት ስክሪን፣ በጋራ ሰነድ ይጻፍ። ከስብሰባ በኋላ «እንዲህ አላልኩም» የሚለው ክርክር እዚያው ያልቃል። እያንዳንዱ ውሳኔ የሚሠራው ሰው ስምና ቀን ከሌለው ሐሳብ ነው፤ ከአጀንዳው ሥር በሐሳብነቱ ይቀመጥ።

ሰነድ ወደ ውጭ ሲላክ የተደበቀ ዓምድ የተደበቀ አይደለም፤ ተቀባዩ በሁለት ጠቅታ ይገልጠዋል። ስም ላይ ጥቁር ቀለም መቀባትም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አያጠፋም፤ ገልብጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ብቻ ይበቃል። የማረም ፈቃድ የተሰጠው የውጭ ሰው ደግሞ የሥሪት ታሪኩን ከፍቶ፣ ተጽፎ የተሰረዘውን ሁሉ ማንበብ ይችላል። ለውጭ የሚሄደው አዲስ ቅጂ ይሁን፤ የማይታየው ነገር በእርግጥ ተሰርዞ፣ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ።

መስመሩ ሲቋረጥ

የጎግል ሰነዶች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ግን ያ አሠራር በክሮም ወይም በኤጅ ላይ ኔትወርክ እያለ ቀድሞ መከፈት አለበት። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ የሚያስታውሰው ሰው ረፍዶበታል። በየጠረጴዛው መከፈቱን አንድ ሰው ዞሮ ያረጋግጥ። ለመዝገብ ቤቱ ደግሞ ቁጥር የታተመበት የወረቀት ቅጽ ይዘጋጅ፤ መስመር ሲመለስ በዚያው ቁጥር ይገባል።

ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይሰረዛል፤ በቫይረስ የተቆለፈም ቁልፉ በሁሉም ላይ ይደርሳል። የጎግል ድራይቭ ቅርጫት ለ30 ቀን፣ የሼርፖይንት ለ93 ቀን ያቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቢሮው ኃላፊነት ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚለው የቆየ ደንብ እዚህም ይሠራል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ፎልደር ከባክአፑ ተመልሶ ይሞከር። ሰነዶች ከአገር ውጭ መቀመጥ የለባቸውም የሚል ሕግ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኦውንክላውድ ተገንጥሎ የወጣውን ኔክስትክላውድ በራስ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል። ሰርቨሩን መግዛት ቀላሉ ነው፤ ሳይሰለች የሚያድሰውን ባለሙያ ማቆየት ነው ከባዱ።

አጀማመሩ

በአንድ ክፍልና በአንድ የጉዳይ ዓይነት ይጀመር፤ ብዙ ባለጉዳይ ያለበትና ሕጉ ያልተወሳሰበ ቢሆን ይመረጣል። ስልጠናው በአዳራሽ ለሁለት ቀን አይሁን። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ በሠራተኛው በራሱ ጠረጴዛ፣ በዛሬ ጉዳዮች ላይ ይሁን፤ በሳምንቱ ይደገም። በየክፍሉ አንድ የሚጠየቅ ሰው ይኑር፤ በማዕረግ ከፍ ያለው ሳይሆን ሰው ለመጠየቅ የማይፈራው።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው ኃላፊው ነው። ኃላፊው «ፕሪንት አድርጋችሁ አምጡልኝ» ካሉ፣ ዕለቱን ሁሉም ወደ ወረቀት ይመለሳል። በየጠዋቱ መዝገቡን ከፍተው «ይህ ለምን ቀኑ አለፈ?» ብለው እዚያው መስመር ላይ ኮሜንት ከጻፉ ግን ማንም ሳይገሠጽ መዝገቡ ይሞላል።

ወረቀቱና ኦንላይኑ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አራት ሳምንት ይሁን፤ የማብቂያ ቀኑም ከመጀመሪያው ይነገር። ማብቂያ የሌለው ጎን ለጎን ሠራተኛውን እጥፍ ያሠራዋል፤ እሱም ከሁለቱ የሚያውቀውን ወረቀቱን ይዞ አዲሱን ይጥላል። በማብቂያው ቀን የወረቀት መዝገቡ የመጨረሻ መስመር ሥር የመጨረሻው ቁጥር በፊደልና በአሃዝ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ማህተም ይደረግበት፤ ኦንላይኑ ከሚቀጥለው ቁጥር ይጀምራል።